ስለ ብስክሌት ልጓምና ስለ ጨርጨር ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አድርጎ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው፣ ቆላውን በሙቀትና በአቧራ ሲያቋርጥ ከዋለ በኋላ፣ ሚኤሶን አልፎ ፊቱን ወደ ጨርጨር ተራሮች ሲያዞር፣ መኪናው ማርሽ እየቀነሰ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ ጆሮውም በከፍታው እየተደፈነ ወደ ጭሮ ይወጣል። ጭሮ፣ ሽማግሌዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ስትሆን ሚኤሶ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናትና፣ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው። ይህን ዐቀበት ለመውጣት የየትኛው መኪና ሞተር እንደሚበረታ በየሻይ ቤቱ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ለመውረድ ምን እንደሚያስፈልግ ግን የሚከራከር ሰው አልገጠመኝም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መውረድ ነው፤ ይልቁንም ሞተር በሌለው ነገር፣ በብስክሌት፣ ስለ መውረድ።

ወጣቶቻችን ወፍራም ጎማና የሚለምጥ ሹካ ያለውን፣ «ማውንቴን» የሚባለውን ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ማየት ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን ገዥው ወደ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ስለ ማርሹ ብዛት፣ ከዚያም ስለ ዋጋው ሲሆን፣ ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ቢኖር «ዲስክ ነው?» ብሎ፣ «አዎን ዲስክ ነው» ሲባል ነገሩ እንዳለቀ ቈጥሮ ይከፍላል። ሻጩም ብስክሌቱን ሁለት እርምጃ ገፍቶ እጀታውን ይጨብጥና ጎማው ቀጥ ሲል ያሳየዋል። በሱቅ በር ላይማ ሁሉም ፍሬን ይይዛል! የፍሬን ጠባይ የሚታወቀው ቁልቁለቱ ከሩብ ሰዓት በላይ ሲረዝም ነው፤ ስለዚህም በእኔ አስተያየት በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ የሚኖር ሰው ብስክሌት ሲመርጥ ከፍሬኑ መጀመር፣ ፍሬኑንም ሲመርጥ በአንድ ጊዜ በሚያሳየው ጥንካሬ ሳይሆን ሙቀትን ለምን ያህል ጊዜ ተሸክሞ ለመቈየት እንደሚችል መመዘን ይገባዋል።

«ፍሬን» የምንለው ቃል ከፈረንሳዮች ወይም ከጣልያኖች የተቀበልነው ሲሆን፣ ሁለቱም ከላቲን የወረሱት የቃሉ ጥንተ ትርጓሜ ልጓም ማለት ነው። አባቶቻችን የልጓምን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ፈረስ ሲገዙ ከኮርቻው ጌጥ አስቀድሞ አፉን ከፍተው የሚያዩ፣ በቁልቁለትም ልጓሙን ሳብ ለቀቅ እንጂ ሳብ ብቻ የማያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምላስን ለመግራት ምሳሌ ሲፈልግ ልጓምን ማንሣቱ፣ ትንሽ ብረት ትልቅ አካል እንደሚገዛ አይቶ ነው። እኛ ግን ፈረሱን በብስክሌት ስንለውጥ ኮርቻውን ይዘን ልጓሙን የረሳን እንመስላለን።

በዚህ አገር የቁልቁለትን ነገር አስቀድሞ የተረዳው ባቡር ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር በመጀመሪያ ሐረር ከተማ ይገባል ተብሎ ታስቦ ሳለ፣ ተራራው ስለከበደው በግርጌው በኩል አልፎ፣ በ1902 በአውሮፓ አቈጣጠር ድሬ ዳዋን መሥርቶ፣ በአፍደምና በሚኤሶ ቆላ ቆላውን ሄዶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም እንዲሁ ሚኤሶን ይዞ ያልፋል እንጂ ወደ ጭሮ ቀና ብሎ አያይም። ባቡር ያልደፈረውን ተራራ የደፈረው የመኪና መንገድ ነው። በሩሲያ አገር የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩት፣ በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን በዚህ ከፍታ ላይ ማቋቋማቸው ለጤናና ለአየር መልካም ነበረ፤ ለፍሬን ግን ለዘለዓለም ሥራ ፈጠሩለት።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ወደ ላይ የወጣ ክብደት ሁሉ የወጣበትን ድካም በውስጡ አስቀምጦ ይይዘዋል፤ ሲወርድም ያን ዕዳ ለአንድ ነገር መክፈል አለበት። በፍጥነት ካልከፈለው በሙቀት ይከፍለዋል። ሰውየውና ብስክሌቱ አብረው 90 ኪሎ ቢመዝኑና ከጭሮ እስከ ሚኤሶ ሲወርዱ ዕዳው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ቢያርፍ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ይህም ሁሉ የሚወድቀው እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ግራም እንኳ በማይሞሉ ሁለት ስስ የብረት ሳሕኖች ላይ ነው። ከነጭነቱ ሰባት ሺህ ኪሎ የሚመዝን አይሱዙ በዚያው መንገድ ቢወርድ መቶ ሊትር ያህል፣ ማለት አንድ ጋን ሙሉ ውሃ ያፈላል። በእርግጥ ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ጎማው የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ነገር ግን ፍሬኑን ሳይለቅ በመካከለኛ ፍጥነት የሚወርድ ፈሪ ሰው፣ ነፋስ የሚወስድለት ጥቂት ስለሆነ፣ ፍሬኑን ከደፋሩ ይልቅ ያቃጥለዋል። ይህን አንብቦ «እንግዲያውስ ልብረር» የሚል ወጣት እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

የጨርጨር መንገድ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ሁሉ ሒሳብ በአንድ ቃል ጠቅልለው ይዘውታል፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። ከባድ ማርሽ ሲያስገቡ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ ለመጠምዘዣ ብቻ ይሆናል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የለቀቀውን ሰው ታሪክ ደግሞ ከአርበረከቴ ከፍታ ወደ ሂርና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ያሉ የተጣመሙ ብረቶች ይነግሩናል። የብስክሌት ችግር ግን ይህ ምክር የማይጠቅመው መሆኑ ነው። የብስክሌት ማርሽ ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አልተሠራም፤ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ ከነጂው ጋር የሚተባበር ሞተር የለም። ዕዳው ሁሉ በሁለት ጣት ጫፍ ላይ ይወድቃል።

እንዲያውም የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው ፍሬን ከሚያቃጥል ቁልቁለት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ከ1976 ጀምሮ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ አሮጌና ከባድ ብስክሌቶቻቸውን ይዘው በአንድ ተራራ የአፈር መንገድ ላይ በእሽቅድምድም ይወርዱ ነበር። ቁልቁለቱ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ማለት ከእኛው ከጭሮ ሚኤሶ ቁልቁለት ጥቂት የሚያንስ ነበረ። የብስክሌቶቹም ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት በጎማው እምብርት ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበረ፣ ተራራው ግርጌ ሲደርሱ በውስጡ ያለው ግራሶ ጢስ ሆኖ ያልቅ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እምብርቱን ፈትተው በአዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ሆነባቸው። የዚያ ቁልቁለት መጠሪያ «ሪፓክ» መባሉ፣ እንደገና መሙላት ማለት ነውና፣ ከዚሁ የመጣ ነው። ከነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ በኋላ የተራራ ብስክሌት ሠሪዎች ሆኑ።

ዲስክ የተባለው ፍሬን በመኪና ላይ ስሙን ያስጠራው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ በ1953 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ የተደረገውን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ጃጓር መኪና ዲስክ ፍሬን ነበረው። ከታምቡር ፍሬን የሚበልጥበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ታምቡር ሙቀቱን እንደ ተከደነ ድስት ሲያምቅ፣ ዲስኩ በነፋስ መካከል ራቁቱን ቆሞ ይቀዘቅዛል። ቸርኬውን ከሚጨብጠው ከአሮጌው የብስክሌት ፍሬንም የሚሻለው፣ አሮጌው በረጅም ቁልቁለት ቸርኬውን ሲያግል በውስጡ ያለውን ከመነዳሪ እስከ ማፈንዳት ስለሚደርስና በጭቃም ጊዜ ስለሚያንሸራትት ነው። ይሁን እንጂ ዲስክ ሁሉ ዲስክ አይደለም፤ ይህንም የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

አንድ ዓመት በመጋቢት ወር፣ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን፣ ሲያዩት የሚያምር ባለ ዲስክ ብስክሌት ይዤ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ወረድሁ። ዕድሜዬ ለዚህ የሚበቃ እንዳልነበረ ወዳጆቼ ነግረውኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መልካም ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃት ያዘኝና ሁለቱን እጀታዎች እንደ ጨበጥሁ ቀረሁ። ቀጥሎ ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ሸራ የመቃጠል ሽታ መጣ፤ እጀታው ቀስ በቀስ ወደ መሪው ቀረበ፤ በመጨረሻም ነካው። ከፊቴ ግመሎች መንገድ ሲሻገሩ አየሁና ብስክሌቱን ወደ ዳር ጠጠር መርቼ ወደቅሁ፤ ሱሪዬ ተቀደደ፣ መዳፌም ተላጠ፤ ከዚህ የባሰ ስላልሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላዬ ሽንኩርት ጭኖ ይመጣ የነበረ መኪና ቆመና ሾፌሩ ወርዶ ዲስኩን በሩቁ አየው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ቁልቁለት ይዘውት ነው የመጡት?» አለኝ።

«ሳልይዘው እንዴት ልምጣ?» አልሁት።

«ይህን መንገድ እየያዙ አይወርዱትም፤ እየለቀቁ ነው የሚወርዱት» አለና የሚጠጣውን ውሃ አቀበለኝ። ዲስኩ ላይ ላፈስ ስል እጄን ያዘው፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማልና።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን በትጋት መርምሬ ያገኘሁት ይህ ነው። ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል። አንደኛው፣ እጀታው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሳለ ብስክሌቱ አልቆም ሲል ነው፤ ይህ የሸራው ክዳት ነው፤ ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ በሙቀት ተቃጥሎ ፊቱ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ሁለተኛው፣ እጀታው ያለ ተቃውሞ እስከ መሪው ድረስ ሲገባ ነው፤ በዘይት በሚሠራው ፍሬን ላይ ይህ ከሆነ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ፈጥሯል ማለት ነው፤ እንፋሎት ሲጨመቅ ይሸሻልና ኃይልን አያስተላልፍም። በገመድ በሚሠራው ላይ ከሆነ ግን፣ የእኔ እንደ ነበረው፣ ሸራው በአንድ ቁልቁለት ብቻ እጅግ ተበልቶ ገመዱ የሚጐትተው አጥቶ ነው። በዘይት የሚሠራው ሸራው ሲበላ ፒስተኑን ወደ ፊት እያስጠጋ ራሱን ያስተካክላል፤ የገመዱን ግን ወርዶ በእጅ የሚያጠብቀው ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ዲስኩ ስፋት ብዙ መናገር አያሻም። ርካሾቹ ብስክሌቶች 160 ሚሊ ሜትር ይዘው ይመጣሉ፤ ለረጅም ቁልቁለት ከፊት 203፣ ከኋላ 180 ማድረግ ይገባል። በአንድ ዓይነት የጣት ኃይል 203ቱ ከ160ው አንድ አራተኛ ያህል አብልጦ ይይዛል፤ ሙቀቱንም የሚያሳርፍበት ብረት ብዙ ነው። ሹካው ይህን ስፋት ይችል እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ቀጭን ሹካ በትልቅ ዲስክ ጕልበት ይጣመማል። ሸራውም በሙጫ የተጋገረው ዝምተኛና ለስላሳ፣ በብረት ዱቄት የተሠራው ጯኺና ታጋሽ ነው፤ በሐምሌ ጭቃ የሙጫው ሸራ እንደ ጠመኔ ሲያልቅ የብረቱ ይሰነብታል። በርካሽ ዲስኮች ላይ ግን የሙጫ ሸራ ብቻ ይግባ የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛልና፣ ዲስኩን ሳይለውጡ ሸራውን መለወጥ ዲስኩን ማስበላት ነው። ፒስተኑ ሁለት ከሚሆን አራት ቢሆን ይሻላል።

ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ዘይቱ ነው፤ የአውሮፓ አልፕስን እያሰቡ የሚጽፉ የብስክሌት ሊቃውንት ለእኛ አገር ያላሰቡት ነገር በዚህ ላይ አለና። በዘይት የሚሠሩ የብስክሌት ፍሬኖች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። የጃፓኑ ሺማኖና የጀርመኑ ማጉራ የማዕድን ዘይት የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ እንደ እንግሊዙ ሆፕ ያሉት ደግሞ በመኪና ውስጥ ያለውን፣ ዶት የሚባለውን። የማዕድኑ ዘይት ከአየር እርጥበት አይጠጣም፤ ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ ይቀመጣል። ዶት ግን የውሃ ወዳጅ ነው፤ ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። እንግዲህ በመጽሐፉ ብንሄድ የማዕድኑ ይበልጣል። ነገር ግን በገለምሶ ወይም በበዴሳ ቀጭኑ ቱቦ ቢበጠስብህ የማዕድኑን ዘይት ከየት ታመጣለህ? ዶት 4 ግን አይሱዙ ባለበት ሁሉ፣ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሁሉ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ እኔ የሚኤሶን መንገድ አዘውትሮ ለሚወርድና ዘይቱን በየዓመቱ ለመለወጥ ለማይሰንፍ ሰው ዶቱን፣ ለሌላው ግን አንድ ጠርሙስ የማዕድን ዘይት በቤቱ ገዝቶ ማስቀመጥን እመክራለሁ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ የማዕድን ዘይት በለመደ ፍሬን ውስጥ የመኪና ዘይት የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን በጥቂት ቀን ይገድለዋል። «ዘይት ዘይት ነው» የሚል መካኒክ ሲያጋጥማችሁ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተከፈተ ጠርሙስ ከዓመት በፊት ጀምሮ ከቆመበት ሱቅም እንዲሁ።

በገመድ የሚሠራውንም ጨርሼ አልንቅም። ከጭሮ ወደ ኩኒና ወደ በዴሳ ለትምህርት ቤትና ለገበያ የሚመላለስ ሰው፣ ገመድ የትም ስለሚገኝና ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ስለሚለውጠው፣ ሁለቱም ሸራዎቹ በአንድነት የሚጨብጡለት ባለ ገመድ ዲስክ ቢገዛ ተሳሳትህ አልለውም፤ ብቻ በኋላው መቀመጫ ላይ ወንድሙን ወይም ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ጭኖ ወደ ቆላ እንዳይወርድ። የጨመረው ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጨመራል፤ ዐቀበቱን ሲወጣ የተሰማው ድካም ሲወርድ ስለማይሰማው ብቻ ዕዳው የተሰረዘ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ወጣቱ ልመለስ። እጅ ከፍሬን ይበልጣል። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በአውሮፓ አቈጣጠር በፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሳተፍ፣ በዚያ ዓመት በውድድሩ ዲስክ ስላልተፈቀደ፣ ተራሮቹን የወረደው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቸርኬ በሚጨብጥ ፍሬን ነው። የሚያድነው ሥርዓት ሾፌሩ ለእኔ የነገረኝ ነው፤ ከመጠምዘዣው በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች በብርቱ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ፈጽሞ መልቀቅ፣ ብረቱ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ሽታ ሲመጣ ወርዶ መቀመጥ። ወደ አሰቦት ደብረ ወገግ ሥላሴ የሚወጡ ተሳላሚዎች ሲመለሱ በየመካከሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚያርፉት ስለ ደከሙ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ጕልበትን እንደሚበላ ስለሚያውቁ ነው።

ነጋዴዎቻችንን የምለምነው ነገር ትልቅ አይደለም። ብስክሌት ከሚደረድሩበት ቦታ አጠገብ ሸራ፣ ሰፊ ዲስክና ትክክለኛው ዘይት ይኑር፤ ዛሬ በጭሮም በሂርናም የማየው መደርደሪያ የመብራት፣ የደወልና የቀለማም ጨርቅ መደርደሪያ ነው። ገዥውም የሹካውን መለመጥ በእጁ ተጭኖ ከሚያደንቅ ይልቅ ለዲስኩ ስፋት ሜትር ይዞ ቢሄድ ሻጩ በሁለተኛው ቀን ስለ ስፋቱ ራሱ መናገር ይጀምራል።

እኔ ያን የወደቅሁበትን ብስክሌት አልሸጥሁትም። የሚያብረቀርቀውን መቀመጫና ትርፍ ጌጡን አውጥቼ ሸጬ በዋጋው ከፊት 203 ዲስክና ባለ አራት ፒስተን የዘይት ፍሬን አስገባሁ፤ ሸራውም የብረቱ ነው፤ ሲይዝ ውሾች እስኪጮኹ ድረስ ያፏጫል። ከኋላ ያለው ገና የቀድሞው የገመድ ፍሬን ነው፤ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ወደ አርበረከቴ እወጣለሁ፣ ወደ ሚኤሶ ግን በአውቶቡስ እወርዳለሁ።